በአንድ ጭብጥ ላይ ለተነሱ የአማተር ፎቶዎች ሂስ እንዴት ይሰጣል? እንዴትስ ይቀበሉታል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ፎቶ ማንሳትን መተዳደሪያ ሳይሆን የትርፍ ጊዜ ፍቅር ያደረግን አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጭብጥ እንመርጣለን፤ እያንዳንዳችን በጭብጡ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ እናቀርባለን፤ ከዚያም አንዳችን በሌላችን ሥራ ላይ በጽሑፍ አስተያየት እንሰጣለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጻፈው ሁሉ «ግሩም ነው»፣ «ዋው»፣ «እጅህ ይባረክ» ነበር። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማንንም አላሻሻለም። ኋላ ላይ ተመካክረን «እውነተኛ ሂስ እንሰጣጥ» ብለን ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ችግሮች ገጥመውኛል፤ አንደኛው ሰጪ ሆኜ፣ ሁለተኛው ተቀባይ ሆኜ።

ያለፈው ወር ጭብጣችን «መጠበቅ» የሚል ነበር። አንድ ባልደረባችን በብረት በር ላይ የተንጠለጠለ ብዥ ያለ ጓጉንቸርና ከጓጉንቸሩ ጀርባ የበሩን ዘንግ የጨበጠ ጥርት ያለ እጅ የሚታይበት ፎቶ አቀረበ። እኔም «ከጭብጡ ውጭ ነው፤ ፎከሱም ስቷል» ብዬ በአንድ መስመር ጻፍሁለት። ባልደረባችን «አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ጭብጦች ግን ምንም ፎቶ አላቀረበም። ዘግይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር «መጠበቅ» የሚለው ቃል የሚመጣን ሰው መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ንብረትን፣ ቤትን፣ ምስጢርን መጠበቅም መሆኑ ነው።

የእኔ ፎቶ ደግሞ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ባዶ ወንበር ነበር። ክፍሉ ሰማያዊና ግራጫ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ይገባል፤ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ኮት ተሰቅሏል፤ በቀኝ ጠርዝ ላይ የአንድ በር የነሐስ እጀታ ግማሹ ይታያል። የመጡልኝ አስተያየቶች እነዚህ ናቸው፦ አንዱ «ቀኝ በኩል ቢቆረጥ» አለ፤ ሌላው «ጥቁርና ነጭ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ፤ ሦስተኛው «ቀኙ ትንሽ ጨለም ይበል» አለ፤ አራተኛው «ክሮፕ ማድረግ (የፎቶን ጠርዝ መቁረጥ) የፎቶ አንሺ ድክመት ነው፤ ምንም እንዳይነካ» አለ፤ አምስተኛው «ሰው የሌለበት መጠበቅ የለም» ብሎ ደመደመ። ሁሉንም ብፈጽም የሚተርፍ ፎቶ የለም፤ አንዱንም ካልሰማሁ ደግሞ መጠየቄ ምን ፋይዳ ነበረው? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሁለቱንም ነገር እንዴት ትይዙታላችሁ?


መልስ 1

ስለ መጀመሪያው ችግር ብቻ ልናገር፤ ሁለተኛውን ከእኔ የተሻለ የሚመልስ እንደሚኖር አምናለሁ።

እርስዎ በጻፉት መስመር ውስጥ ያለው ጉድለት ጭካኔ አይመስለኝም። ጉድለቱ ፍርዱ ከሁሉ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ኤድመንድ ፌልድማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ መምህር የሥነ ጥበብ ሥራን ለመሄስ አራት ደረጃዎችን በቅደም ተከተል አስቀምጦ ነበር፦ በመጀመሪያ የሚታየውን መግለጽ፣ ቀጥሎ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደተያያዙ መተንተን፣ ከዚያ ትርጉሙን መፈለግ፣ በመጨረሻም መፍረድ። አብዛኞቻችን ሦስቱን ዘለን አራተኛው ላይ እናርፋለን፤ ከዚያ ደግሞ ፍርዳችን ለምን እንዳልተወደደ ይገርመናል።

መግለጽ የሚባለው ነገር መጀመሪያ ላይ ከንቱ ይመስላል። ፎቶውን ያነሳው ሰው በፎቶው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም ወይ? ያውቃል፤ የማያውቀው ግን እርስዎ ምን እንዳዩ ነው። እርሱ በዚያ በር ፊት ቆሞ ነበር፤ ቅዝቃዜውን፣ የብረቱን ድምፅ፣ የእጁን ባለቤት ያውቃል፤ እኛ የምናየው አራት ማዕዘኑን ብቻ ነው። ስለዚህ «ዓይኔ መጀመሪያ ወደ ጓጉንቸሩ ሄደ፤ ብዥ ብሎ ስላገኘው ወደ ኋላ ተሻገረና ጥርት ብሎ የሚታየው እጅ ላይ ቆመ፤ ጣቶቹ ዘንጉን አጥብቀው ይዘዋል» ብለው ቢጽፉለት ኖሮ የሚያስቀይም አንድም ቃል ሳይኖርበት ትልቅ መረጃ ይሰጡት ነበር። ቀጥሎ «ትኩረቱ እጁ ላይ ያረፈው ታስቦበት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ደግሞ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ታስቦበት ከሆነ ስሕተቱ የእርስዎ ነበር ማለት ነው፤ ካልሆነም እርስዎ ሳይነግሩት ራሱ ደርሶበታል።

ስለ ፎከሱ ምክር ለመስጠት ከፈለጉም ምክሩን ከነዋጋው ይስጡት። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሰፋ) ካሜራ ላይ በተገጠመ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይጠባል) ኤፍ 1.8 ሆኖ ከ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጓጉንቸሩና እጁ በሁለት ጣት ያህል ከተራራቁ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊጠሩ አይችሉም፤ ይህ የጀማሪነት ጉዳይ ሳይሆን የብርሃን ሕግ ነው። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ቢዘጋው ጥልቀቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን 20 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል፤ በሰከንድ 1/200ኛ ያነሳው የነበረውን በ1/10ኛ ማንሳት ሊኖርበት ነው፤ የሰው እጅ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ያለ ድጋፍ ካሜራ ይዞ አይቆምም። «አፐርቸሩን ዝጋው» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ምክር የሚሆነው ግን «ትዘጋዋለህ፤ ለዚህም ወይ አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ከፍ ታደርጋለህ፣ ወይ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ትጠቀማለህ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱን መርጠህ ሌላውን ሆን ብለህ ታደበዝዛለህ» ሲሉት ነው።

ስለ ጭብጡ ደግሞ፦ «ከጭብጡ ውጭ ነው» የሚለው አባባል ፎቶውን ሳይሆን ተናጋሪው ጭብጡን ያነበበበትን መንገድ ነው የሚገልጸው። «እኔ መጠበቅን የሚመጣ ሰው እንደ መጠበቅ ስላነበብሁት ጓጉንቸሩን ከጭብጡ ጋር ማገናኘት አቃተኝ» ቢሉ ኖሮ፣ ባልደረባዎ «እኔ ያሰብሁት ዘበኛ የሚጠብቀውን መጠበቅ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልስ ነበር፤ ጉዳዩም እዚያው ያልቅ ነበር። ጭብጥ ባላቸው ፎቶዎች ላይ ሂስ መስጠት ከሌላው የሚቀልበት ምክንያትም ይኸው ነው። ጭብጥ በሌለበት ክርክሩ ሁሉ የእኔ ምርጫና የአንተ ምርጫ ይሆናል፤ ጭብጥ ሲኖር ግን ሁለታችንም የምናየው ሦስተኛ ነገር በመካከላችን አለ።


መልስ 2

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። «ታስቦበት ነው?» የሚለው ጥያቄ በተለይ ጀማሪን «አዎ» እንዲል ይጋብዘዋል። ስሕተቱን የሚያምንበት መንገድ ሳይሆን የሚሸሽበት በር ይሆነዋል። በእንዲህ ዓይነት ስብስብ ውስጥ የተንጋደደ አድማስ፣ የተቆረጠ እግር፣ ብዥ ያለ ዓይን ሁሉ «ሆን ብዬ ነው» በሚል መልስ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት ፎቶ አንሺውን ሮበርት ፍራንክን ነው። እርግጥ ነው፣ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ አሜሪካን እየዞረ ያነሳቸው ፎቶዎች በመጽሐፍ ሲታተሙ በዘመኑ የነበሩ ሐያስያን በብዥታው፣ በሸካራነቱ፣ በተንጋደደው አድማሱ አብጠልጥለውታል፤ ዛሬ ግን ከሃያኛው ክፍለ ዘመን እጅግ ተጽዕኖ ካሳደሩ የፎቶ ሥራዎች አንዱ ነው። ሰዎቹ የማይናገሩት ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ፍራንክ ከ27 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ፍሬሞች (አንድ በአንድ የተነሱ ምስሎች) መርጦ ያስቀረው 83 ብቻ ነበር። ያ የተንጋደደ አድማስ በብዙ ሺህ ሌሎች ፍሬሞች መካከል ተመርጦ የተረፈ ነው። ስለዚህ «ሆን ብዬ ነው» ለሚል ሰው የሚቀጥለው ጥያቄ «ከስንት ፍሬም ይህን መረጥህ? የቀሩትስ ምን ይመስላሉ?» የሚል ሊሆን ይገባል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው እውነትም አስቦበታል።

ለጠያቂው የምለው ይህ ነው፦ «ፎከሱ ስቷል» ማለት ነውር አልነበረም። ሂስ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ሆኖ አጭር ሲሆን ነው የሚያቆስለው። ምናልባት አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ በር ፊት ለቆመ ሰው ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ መስመር ጽፎ መሄድ «ሥራህ ከዚህ በላይ ጊዜ አይገባውም» ማለት ሆኖ ይሰማዋል።

ስለ ጭብጥም ቢሆን ሁሉም ነገር በንባብ ልዩነት አይታለፍም። ከአንድ ዓመት በፊት ያነሳውን የፀሐይ መጥለቅ ፎቶ አውጥቶ የጭብጡን ቃል ርእስ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው በየቡድኑ አለ። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። ርእሱን በእጄ እሸፍንና በቦታው «ተስፋ»፣ «ብቸኝነት»፣ «ትዝታ» የሚሉ ቃላትን በየተራ አስቀምጣለሁ። ሁሉም እኩል ከገጠሙ ጭብጡ በፎቶው ውስጥ ምንም ሥራ አልሠራም ማለት ነው። የጓጉንቸሩ ፎቶ ይህን ፈተና ያልፋል፤ የእርስዎ ባዶ ወንበር ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ብቸኝነት» ቢባልም «ትዝታ» ቢባልም የሚሄድ ይመስለኛል።


መልስ 3

እኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ ምክንያቱም ከመስጠት ይልቅ መቀበል ይከብዳል፤ ስለ እርሱም የሚጻፈው ጥቂት ነው።

ከተሰጡዎት አምስት አስተያየቶች ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና መፍትሔዎቹን ለጊዜው ይርሷቸው። አንዱ ቀኙን ቁረጥ አለ፤ አንዱ ቀለሙን አጥፋ አለ፤ አንዱ ቀኙን አጨልም አለ። መድኃኒታቸው ይለያያል፤ ጣታቸው የጠቆመው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ያ የነሐስ እጀታ። ጥቁርና ነጭ ይሁን ያለው ሰው እንኳ፣ እንደምገምተው፣ የረበሸው በሰማያዊና በግራጫ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚያበራው ቢጫ ነው። ተመልካች ችግር ያለበትን ቦታ ሲያሳይ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ መፍትሔ ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ይህን ከለዩ እርስ በርሱ የሚጋጭ የመሰለው ሂስ ግማሹ መጋጨቱን ያቆማል።

መፍትሔዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ይፈትኑ። ወደ ጥቁርና ነጭ ቢቀየር ቢጫው ነሐስ ወደ ደማቅ ግራጫ ስለሚለወጥ እዚያው ማብራቱን ይቀጥላል፤ በኤዲቲንግ ጊዜ ቢጫውን ለይተው ካላጨለሙት በቀር ለውጥ የለም። ማጨለም ዓይንን ከቦታው ያርቃል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከግራ ስለሚመጣ ቀኙ ከመጠን በላይ ቢጨልም የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። መቁረጥ እጀታውን ያስወግዳል፤ ከእጀታው ጋር ግን በወንበሩና በበሩ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይወስዳል። እዚህ ላይ ነው ጭብጡ ተመልሶ የሚመጣው። ፎቶው ስለ መጠበቅ ከሆነ የሚጠበቀው ሰው የሚገባው በየት ነው? በበሩ ነው። ያ እጀታ ምናልባት ስሕተት ሳይሆን በግማሽ የተነገረ ነገር ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይግባ፤ አሁን ያለበት ግማሽነት ግን ተመልካቹን «ይህ የመጣው ሳይታይ ነው» እንዲል ያደርገዋል። ከላይ «ብቸኝነት ቢባልም ይሄዳል» ላሉት መልሱም እዚሁ ያለ ይመስለኛል፤ በር ያለበት ባዶ ወንበርና በር የሌለበት ባዶ ወንበር አንድ አይደሉም።

በጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ታላላቆቹንም አሳስቧል። ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በተባለ ቦታ ያነሳችው የስደተኛዋ እናት ፎቶ በዓለም ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ነው። በዋናው ፍሬም ቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አንድ አውራ ጣት ይታይ ነበር። ላንግ ኋላ ላይ ጣቱን ከኔጌቲቩ (ፎቶው ከሚታተምበት ፊልም) ላይ አስጠፋችው፤ ሥራውን ይመራ የነበረው ሮይ ስትራይከር በዚህ ቅር እንደተሰኘ ይነገራል፤ ምክንያቱም ፎቶው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የተነሳ ሰነድ ነበር። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። እኔ በግሌ የጣቱን መኖር ካወቅሁ ወዲህ የተነካካውን ቅጂ ሳይ ዓይኔ አስቀድሞ ወደዚያ ጥግ ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

«ክሮፕ ማድረግ ድክመት ነው» ያሉትን ሰው በተመለከተ ይህ ፎቶን ማየት ሳይሆን ሕግን መጥቀስ ነው። ይህን አቋም አጥብቆ በመያዝ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በፓሪስ ሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ውኃ ሲዘል ያነሳውን ሰው ፎቶ ከርክሞታል፤ በአጥር ሳንቃዎች መካከል አሾልኮ ስላነሳው ከሳንቃው የተወሰነው በፍሬሙ ውስጥ ገብቶበት ነበር። አንድ አስተያየት ስለ እርስዎ ፎቶ የሚናገረው ነገር ከሌለውና ለማንኛውም ፎቶ ሊጻፍ የሚችል ከሆነ አመስግነው ይለፉት።

የመጨረሻው፣ «ሰው የሌለበት መጠበቅ የለም» ያለው፣ ከሁሉ የሚያናድድ መስሎ ሳይታይዎት አይቀርም። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምይዘው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ስለ ጠርዝና ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ ሐሳቡ የተናገረ ብቸኛው ሰው ነው። ቢሳሳትም እንኳ ለምን እንደተሳሳተ መመለስ መቻል አለብዎት፤ መልሱ ግን በጽሑፍ ሳይሆን በፎቶ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። አስተያየት በመጣ ቀን አይመልሱ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን ከጻፍኋቸው መልሶች ሁሉ አንድም ሳልጸጸትበት የቀረ የለም፤ «አይ፣ እኔ ያሰብሁት እኮ...» ብሎ የሚጀምር ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ፎቶው ሊለው ያልቻለውን በቃል መሙላት ነው።


መልስ 4

አጭር ነገር ልጨምር፤ ሁሉም ሰው የሚረሳው ስለሆነ። «ጨለመ»፣ «ነጣ» ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ስክሪን ተጠራጠሩ። አንዱ በስልኩ ደጅ ፀሐይ ላይ ሆኖ ያያል፤ ሌላው በጨለማ ክፍል ውስጥ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍቶ ያያል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ፎቶ ተቃራኒ ነገር ይጽፋሉ፤ ፎቶ አንሺውም በመካከል ይንገላታል። ምስክር የሚሆነው ሂስቶግራሙ ነው፤ ይኸውም በፎቶው ውስጥ ጨለማውና ብርሃኑ ምን ያህል እንደሆነ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሳየው ግራፍ ነው። በጄፔግ ፎቶ ውስጥ እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ባለው ደረጃ ይለካል፤ የግራፉ ክምር በግራው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከሆነ እዚያ ያለው ጥላ በእርግጥ ጠፍቷል፤ የትኛውም ስክሪን አይመልሰውም። ካልተጣበቀ ግን «በእኔ ስክሪን ላይ ጨለማ መሰለኝ» ብሎ መጻፍ ከ«ጨለማ ነው» ይልቅ እውነት ነው። አቅራቢውም ቢሆን ፎቶውን ከማቅረቡ በፊት ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ስክሪኖች ቢያየው ከግማሹ ጭቅጭቅ ይድናል።


መልስ 5

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በግለሰቡ ጨዋነት ላይ የተመሠረተ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ሁልጊዜ ጨዋ ሆኖ ይቀጥላል ብዬ ስለማላምን፣ እኛ በቡድናችን የሞከርነውን ሥርዓት ልንገራችሁ።

ሊዝ ለርማን የተባለችው አሜሪካዊት የውዝዋዜ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያልተጠናቀቀ ሥራ የሚታይበት ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ማዘጋጀት ጀመረች። በመጀመሪያ ተመልካቾች በሥራው ውስጥ የነካቸውን፣ ትርጉም የሰጣቸውን ወይም ያስታወሱትን ነገር ይናገራሉ። በሁለተኛው ደረጃ ጠያቂው ባለሥራው ይሆናል፤ ማወቅ የሚፈልገውን ራሱ ይጠይቃል። በሦስተኛው ተመልካቾች ፍርድ ያልተሸሸገባቸውን ጥያቄዎች ይጠይቃሉ። «ለምን አጨለምኸው?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ፍርድ አለው፤ «ስለ ብርሃኑ ምን አስበህ ነበር?» የሚለው ግን የለውም። ተመልካች ሐሳቡን የሚሰጠው በአራተኛው ደረጃ ነው፤ እርሱንም «ስለ ቀኙ ጠርዝ ሐሳብ አለኝ፤ መስማት ትፈልጋለህ?» ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ነው።

አራቱንም እንዳሉ በጽሑፍ ለማስኬድ ሞክረን ሰለቸን፤ አንድ ፎቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ይፈጅ ጀመር። ፈቃድ መጠየቁም ሰዎች በአካል ሲገናኙ ያምራል፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን በር አንኳክቶ መልስ ለመስማት ሁለት ቀን እንደመቆም ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ አስቀረን። አንደኛው፣ እያንዳንዱ አቅራቢ ከፎቶው ጋር አንድ ጥያቄ ይጽፋል፤ ማብራሪያ አይጽፍም። «እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ አይፈቀድም፤ «ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ?» ወይም «እጁ የጠባቂ ይመስላል ወይስ የታሰረ ሰው?» የሚል ይሁን እንጂ። ሁለተኛው፣ አስተያየት ሰጪው ስለ ሌላ ነገር ከመናገሩ በፊት ያንን ጥያቄ ይመልሳል። የአቅራቢው ማብራሪያ የሚገለጠው ሁሉም ከጻፉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚሆነው ነገር ከሂሱ በላይ ያስተምራል፤ አንድ ሰው «የአያቴ ቤት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ገብቼበት አላውቅም» ይላል፤ ከቡድኑ አንድም ሰው እንዳልጠረጠረ ያየዋል፤ ስሜቱ በልቡ እንጂ በፍሬሙ ውስጥ እንዳልነበረም ማንም ሳይነግረው ይገነዘባል።

ሰምና ወርቅን እዚህ የሚያነሳ ሰው ሁልጊዜ አለ። እኔ አልወደውም። ባለቅኔ ወርቁን አውቆ ይቀብረዋል፤ ፎቶ አንሺ ግን ብዙ ጊዜ ወርቁን የሚያገኘው ሌላ ሰው ቆፍሮ ሲያሳየው ነው።


የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልስ 3 ላይ በተሰጠው ምክር መሠረት ለመመለስ ሦስት ቀን ቆየሁ።

ለባልደረባችን በግል ጻፍሁለት። ይቅርታ የጠየቅሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረው ያየሁትን መግለጽ ነበር፦ ጓጉንቸሩ ብዥ ማለቱን፣ እጁ መጥራቱን፣ ጣቶቹ ዘንጉን የያዙበትን ኃይል፣ እኔ ጭብጡን በሌላ መንገድ አንብቤው እንደነበር። የመልስ 2ን ማስጠንቀቂያ ስላስታወስሁ «ታስቦበት ነው?» አላልሁትም፤ «በዚያ ቀን ስንት ፍሬም አነሳህ? የቀሩትን ማየት እችላለሁ?» አልሁት። አሥራ ዘጠኝ ፍሬሞች ላከልኝ። በአሥራ ስድስቱ ላይ ፎከሱ ጓጉንቸሩ ላይ ነው፤ በሦስቱ ብቻ ካሜራው አልፎት እጁን ይዟል። ፎከሱ በአጋጣሚ እንደሳተ፣ ቤቱ ገብቶ ሲያያቸው ግን ከሦስቱ ወጥቶ ሌላውን መምረጥ እንዳቃተው ነገረኝ። ታስቦበት ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ክርክር ይህ የትኛው ወገን እንደሆነ እስካሁን አልለየልኝም። ለሚቀጥለው ጭብጥ ፎቶ እንደሚያቀርብ ግን ነግሮኛል።

ወንበሩንም ደግሜ አነሳሁት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስሸሽ በሩ ከነእጀታው ሙሉ በሙሉ ገባ፤ ወንበሩም ትንሽ ሆነ። ያላሰብሁት ነገር ግን ኮቱ ነው። በሩ ሲታይ በመደገፊያው ላይ ያለው ኮት የሚጠበቀው ሰው አስቀድሞ የገባ ያስመስለዋል። ኮቱን አንስቼ ሌላ ፍሬም አነሳሁ፤ አሁን ደግሞ ወንበሩ የማንም ያልሆነ ወንበር ሆነ። በሦስተኛው ኮቱን በበሩ እጀታ ላይ ሰቀልሁት፤ ነሐሱ ተሸፈነ፤ ሰውየው ይምጣ ወይም ይሂድ ግን እኔም አላወቅሁም።

ሦስቱንም ነገ ለቡድኑ አቀርባለሁ፤ ማብራሪያ አልጽፍም። ጥያቄዬ «ሰውየው የት ነው ያለው?» የሚል ነው።